ሥዕልና ተረት የተገናኙበት መንገድ፦ የሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት፣ ወዳጅነትና ራስን መግዛት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንንሽ መጻሕፍት ነው። ገጻቸው ጥቂት፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ሥዕልና አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ያለባቸው መጻሕፍት ናቸው። እኛ የታሪክ ሰዎች የነገሥታትን ዜና መዋዕልና የመንግሥት መዛግብትን ስናገላብጥ እነዚህን መጻሕፍት ከቁም ነገር ቆጥረናቸው አናውቅም። እኔም ብሆን የዛሬ ጥቂት ዓመታት ድረስ አልቆጠርኳቸውም ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው በዚሁ በአዳማ ከተማ የጎበኘሁት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። በክፍሉ ጥግ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ቆሟል። በውስጡ በእርዳታ የመጡ ያማሩ የሥዕል መጻሕፍት ተደርድረዋል። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። በፊቱ ሁለት የ5 ዓመት ልጆች በአንዲት የተሰበረች የፕላስቲክ መኪና ይጓተታሉ። መምህርቷን «መጻሕፍቱ ለምን ተቆለፈባቸው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ልጆች እኮ ናቸው፤ ይቀዳድዷቸዋል» አለችኝ። ኋላ በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቄ ባየው፣ ከመጻሕፍቱ መካከል አንዱ ስለ ሁለት ጓደኛሞች ነበር፤ አንዲት ኳስ ለሁለት ስለሚጫወቱ ልጆች።

መምህርቷን አልወቅሳትም። አንድ መጽሐፍ ቢቀደድ በንብረት የምትጠየቀው እሷ ናት። ነገር ግን ያን ቀን የተነሣብኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ልጆቻችንን ወዳጅነትንና ራስን መግዛትን ስናስተምር የኖርነው በምን ነበር? ሥዕል፣ ተረትና መጽሐፍ በአንድ ገጽ ላይ የተገናኙትስ መቼና በምን መንገድ ነው? የዛሬው ንግግሬ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለመፈለግ የሚደረግ ሙከራ ነው።

ስለ ቃላቱ

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። በአማርኛ «ገዛ» የሚለው ግሥ ሁለት ትርጉም አለው፤ ዕቃ መግዛትም ይባላል፣ አገር መግዛትም ይባላል። «ራስን መግዛት» ስንል በሁለተኛው ትርጉም ነው፤ ሰው የገዛ ራሱ ገዥም ተገዥም ይሆናል። አገዛዝ ደግሞ በፍርሃትም በፍትሕም ሊሆን ይችላል። ልጅ ራሱን የሚገዛው አርጩሜ ፈርቶ ነው ወይስ ነገሩ ገብቶት? ይህ ልዩነት በንግግሬ ሁሉ አብሮን ይሄዳል።

በኦሮሞ ባህል «ሳፉ» የሚባል ታላቅ ጽንሰ ሐሳብ አለ። ሰው ለታላቁ፣ ለታናሹ፣ ለተፈጥሮና ለፈጣሪ ሊጠብቀው የሚገባውን አክብሮትና ገደብ ያመለክታል። ራስን መግዛት በዚህ አስተሳሰብ የግል ብርታት ብቻ አይደለም፤ ከሌሎች ጋር የመኖር ሥርዓት ነው። ጓደኛን የሚያመለክተው «ሂሪያ» የሚለው ቃልም እኩያን ጭምር ያመለክታል። በአማርኛም «አብሮ አደግ» እንላለን። በሁለቱም ቋንቋዎች ወዳጅነት በአንድ ዕድሜ ከማደግ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ወዳጅነትና ራስን መግዛት በዛሬ የትምህርት ሰነዶች ጎን ለጎን መጻፋቸው ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሥዕሉ ያለ ልጅ፣ ተረቱ ያለ ሥዕል

ከአዳማ ወደ ደቡብ ሄደን ባቱ ስንደርስ የዝዋይ ሐይቅን እናገኛለን። ከሐይቁ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቱሉ ጉዶ፣ በዛይ ማኅበረሰብ መካከል፣ የደብረ ጽዮን ገዳም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ አቆይቷል። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለስምጥ ሸለቆ አዲስ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደዚያ ጀልባ ይሳፈር።

ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ላይ ታሪክ ተራኪ ነበር። የበላኤ ሰብእን ሥዕል ያላየ ማን ነው? 78 ነፍስ የበላው ሰው ለአንድ ለተጠማ ምስኪን ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ ኋላም ያቺ ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ስትመዝን እናያለን። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃንም የዚህን ሥዕል መልእክት ይረዳል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተስፋፋው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ሥዕልም፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል በመደዳ እየተሣለ፣ በጨርቅ ላይ የተዘረጋ የሥዕል መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሥዕሎች ለሕፃን ታስበው የተሣሉ አልነበሩም። ብራና በልጅ እጅ አይገላበጥም፤ የግድግዳ ሥዕልም ከሩቅ የሚታይ ነው። ልጅ ተመልካች እንጂ ገጽ ገላጭ አልነበረም። በቄስ ትምህርት ቤትና በመድረሳ የተማረው ልጅም የተሠለጠነው ፊደልንና ቃልን በማስታወስ ነበር። ይህ ትልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥልጠና እንደ ነበር መካድ አይቻልም፤ ሆኖም ትዕግሥቱ የሚጠበቀው ብዙ ጊዜ አርጩሜ ይዞ ከቆመ ሰው ፊት ነበር።

ጠባይ የሚታረቀው በሌላ ቦታ፣ በምሽት እሳት ዙሪያ ነበር። ሴት አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆች በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እንቆቅልሹን አስታውሱ። መልሱን ያላወቀ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ይሰጣል፤ አሸናፊው በተሰጠው አገር እየተንጎራደደ ይቀልድበታል፤ ተሸናፊውም ሳይቆጣ ይስቃል። በአፋን ኦሮሞም «ሂቦ» የሚባለው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ጥሪና ምላሽ አለው። ሽንፈትን ያለ ጠብ መቀበልን ለ5 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ዘዴ አላውቅም። ነገር ግን ይህ ሁሉ በድምፅ እንጂ በሥዕል አልነበረም።

ተረት ወደ ታተመ መጽሐፍ የገባበትን ታሪክ ስናነሣ ኦኔሲሞስ ነሲብንና አስቴር ጋኖን አለማስታወስ አይቻልም። አስቴር የሕዝቧን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና መዝሙር ከትዝታዋ እየጻፈች አሰባሰበች። ሁለቱ በጋራ ያዘጋጁት የአፋን ኦሮሞ ማስተማሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በግእዝ ፊደል ታተመ። በባርነት አልፋ ነፃ የወጣች ሴት ያቆየችው ይህ ሥራ ለማንበብ የሚማር ሰው የገዛ አያቱን ተረት በመጽሐፍ እንዲያገኝ አስችሏል። በአማርኛም ከበደ ሚካኤል በ1930ዎቹ ዓ.ም ማሳተም የጀመሩት «ታሪክና ምሳሌ» ለብዙ ትውልድ የግብረ ገብ ማስተማሪያ ሆነ። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም ግን ማንበብ ለሚችል ወይም ለሚማር እንጂ ገና ፊደል ላልያዘ ሕፃን የተዘጋጁ አልነበሩም።

የባቡር፣ የስኳርና የጦርነት ልጆች

ቤቱ ከተማ ሲገባ ተረቱ ምን ሆነ? የአዳማ ታሪክ ከባቡር ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በመንገዱ ያሉ ጣቢያዎች ወደ ከተማነት አደጉ። የሚገርመው፣ የዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት ታሪካችንም ከዚያው ሐዲድ ይነሣል። በአገራችን የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ በድሬዳዋ ለባቡሩ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች የተከፈተው ነው። መዋዕለ ሕፃናት ወደ አገራችን ሲገባ ለባዕድ ልጅ፣ በባዕድ ቋንቋ ነበር። ለረጅም ጊዜም የጥቂት ከተሜዎች ዕድል ሆኖ ቆየ።

በ1946 ዓ.ም የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ሠራተኞች መጡ። በሠራተኞች መንደር የተወለዱ ልጆች ጎረቤታቸው በሌላ ቋንቋ የሚያወራ ነበር። አያታቸው ግን እሩቅ አገር ቀርታለች። እነዚህ ልጆች ወዳጅነትን የተማሩት በጨዋታ ሜዳ ነው፤ የምሽቱ ተረት ግን በመንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀርቷል።

ከዚህ የከበደው ምሳሌ ከዝዋይና ከላንጋኖ ሐይቆች ብዙም በማይርቀው በአላጌ ይገኛል። በ1970ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የሚያድጉበት የሕፃናት አምባ በዚያ ተቋቋመ። ዛሬ ቦታው የግብርና ኮሌጅ ነው። ያደጉበት ልጆች ስለ ኑሯቸው የተለያየ ትዝታ አላቸው፤ እኔ በዚህ መድረክ ፍርድ አልሰጥም። እንደ ታሪክ ተማሪ የማስተውለው አንድ ነገር አለ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች አያትና ምድጃ ሳይኖራቸው ሲያድጉ፣ ቀድሞ ቤተሰብ ያለ ክፍያና ያለ ዕቅድ ይሠራው የነበረው ጠባይን የማነጽ ሥራ የተቋም ኃላፊነት ሆነ። ተቋም ደግሞ ምሽት ላይ ተረት አይተርክም፤ የሚተርክለት መሣሪያ ያስፈልገዋል።

የአንበሳው ፀጉር ጉዞ

ያ መሣሪያ እንዴት እንደ መጣ ለማሳየት የአንድ ተረት ጉዞ ልከተል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዲት ሴት የእንጀራ ልጇ አልቀርብ ብሏት ወደ አንድ ብልህ ሽማግሌ ትሄዳለች። ሽማግሌው «የአንበሳ ፀጉር አምጪልኝ» ይላታል። በየቀኑ ሥጋ ይዛ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ጠጋ እያለች። በመጨረሻ አንበሳው ሲለምዳት ፀጉሩን ነቅላ ታመጣለች። ሽማግሌው «ልጁንም እንዲሁ ቅረቢው» ይላታል። ሴቲቱ ሚስት ሆና፣ በልጁ ቦታ ባሏ ሆኖ የሚተረክበትም አለ።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ብሬንት አሽብራነርና ራስል ዴቪስ የተባሉ አሜሪካውያን ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የማንበቢያ ጽሑፎችን ያዘጋጁ ነበር። ለሥራቸው በየአገሩ እየዞሩ የሰበሰቡትን ተረት እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ የመጽሐፉ ርእስም ከዚሁ ከአንበሳው ተረት የተወሰደ ነው። ከ36 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ይኸው ተረት በአንድ ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ሁለት የሥዕል መጻሕፍት ሆነ። አንደኛውን ናንሲ ሬይንስ ዴይ፣ ሁለተኛውን በማጂ ያደገችው ጄን ከርዝ ጻፉት። የጄን ከርዝ መጽሐፍ አንድ ትልቅ ለውጥ አድርጓል፤ ታጋሿ እንጀራ እናት መሆኗ ቀርቶ፣ ችኩሏ ትንሽ ልጅ ራሷ አዲሷን እንጀራ እናቷን በትዕግሥት መቅረብን ትማራለች።

ይህን ለውጥ አቅልለን አንመልከተው። በምሽቱ ተረት ትዕግሥት የአዋቂ ጥበብ ነበር፤ ልጅ እየሰማ ወደፊት ይጠቀምበታል ተብሎ ይታሰባል። በሥዕል መጽሐፉ ግን ልጅ ራሷ ባለ ታሪክ ሆነች። ራስን መግዛት «ስታድጊ ይገባሻል» የሚባል መሆኑ ቀርቶ ዛሬ የምትሞክረው ነገር ሆነ። የሚያሳዝነው ተረቱ የእኛ፣ መጽሐፉ የአሜሪካ ልጆች መሆኑ ነው። የአርሲ ነገሌ ወይም የመቂ ልጅ የአያቱን ተረት በሥዕል ለማየት የውቅያኖስ ማዶ ሰው መሆን ነበረበት።

ከቴሌቪዥን ወደ ገጽ

በአገር ውስጥ ክፍተቱን ለረጅም ዘመን የሸፈኑት አንድ ሰው ናቸው። በባሌ የተወለዱት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ቴሌቪዥን ከተከፈተበት ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ ለልጆች ተረት ተርከዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም ሲያርፉ አገር በሙሉ አያቱን የቀበረ መሰለ። እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እግራችንን ታጥበን፣ ቦታ ሳንጣላ ተጠጋግተን ካልተቀመጥን አንገባም ነበር። ከተረቱ በፊት የወዳጅነትና የትዕግሥት ትምህርቱ በደጃፉ ላይ ይጀመር ነበር ማለት ነው። ሆኖም ቴሌቪዥን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ልጅ ወደ ኋላ መልሶ «ይቺን ድገምልኝ» ሊለው አይችልም።

ገጹን የከፈቱት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። የነገሌ ቦረናው ተወላጅ በስደት ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲገዙ በአማርኛ የሚገዛ አጡ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከጄን ከርዝና ከሌሎች ወዳጆች ጋር ድርጅት አቋቋሙ። ስለ ሞኙ ማሞ የሚተርከውን ባለ ቀለም ሥዕል መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን በአዲስ አበባ በመኖሪያ ቤታቸው ከፈቱ። ቀጥሎም ከሻሸመኔ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በሐዋሳ፣ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። በስምጥ ሸለቋችን አህያ ውኃና እህል እንጂ ተረት ስትጭን ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት ጀመሩ። ከእ.ኤ.አ. 2006 አንሥቶ በቴሌቪዥን የታየችው ቀጭኔዋ ፀሐይ እጅ መታጠብን ብቻ ሳይሆን መጋራትን፣ ይቅር መባባልንና ቁጣን ማብረድን አስተማረች። ብሩክታዊት እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ከተሰጣቸው ወጣቶች አንዷ ነበሩ። ይህች ቀጭኔ አትቀጣም፤ ትሳሳታለች፣ ትጠይቃለች፣ ታርማለች። የግብረ ገብ ትምህርታችን ከትእዛዝ ወደ ጓደኝነት ሲሻገር የምናየው በእሷ ነው።

መጽሐፍ በእርግጥ ጠባይ ይለውጣል?

ተማሪዎቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ማጋነን አልፈልግም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን ከአንድ ጣፋጭ ፊት አስቀምጦ፣ ከታገሱ ሁለት እንደሚሰጣቸው ይነግራቸው ነበር። ጣፋጩ ከዓይናቸው ሲሰወር ረዘም ላለ ጊዜ ታገሡ። የታገሡት ኋላ በትምህርታቸው በለጡ የሚለው ወሬ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ጥናት ግን የቤተሰብ ኑሮ ሲታሰብበት ያ ግንኙነት በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በካሜሩን ከሚኖሩ የንሶ ገበሬዎች ልጆች ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ሲታገሡ፣ ከጀርመን ከተማ ልጆች የታገሡት ከ30 በመቶ በታች መሆናቸውን ዘገበ። ስለዚህ ትዕግሥት በተፈጥሮ የሚታደል ዕጣ ብቻ አይደለም፤ ባህል ያሠለጥነዋል።

አርኖልድ ሎቤል የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሁለት ወዳጆች፣ እንቁራሪትና ጉርጥ፣ ብስኩት መብላት ማቆም ያቅታቸዋል። ብስኩቱን በሣጥን ያስቀምጡታል፣ በገመድ ያስሩታል፣ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቅሉታል። ነገር ግን ሣጥን ይከፈታል፣ ገመድ ይፈታል። ይህን ሳነብ የአዳማው ቁም ሳጥን ትዝ አለኝ። ዕቃን ከዓይን መሰወር ለጊዜው ይረዳል፤ ራስን መግዛት ግን አይደለም። ቁልፉ ሲወልቅ ልጁ ያው ልጅ ነው። ከዚህም በላይ የተቆለፈው መጽሐፍ ለልጁ የሚነግረው ሌላ ነገር አለ፤ «ይህ የአንተ አይደለም» ይለዋል።

የሥዕል መጽሐፍ ጥቅም በመልእክቱ ብቻ አይደለም፤ በአነባበቡም ነው። ገጹ እስኪገለጥ መጠበቅ አለ። ከጓደኛ ጋር ተጠጋግቶ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ማየት አለ። «ይህ ልጅ ፊቱ ለምን ተከፋ?» ሲባል፣ ስለ ራሱ ቁጣ መናገር የማይችል ልጅ ስለ ሥዕሉ ቁጣ ይናገራል። ይህ ሁሉ ግን አብሮ የሚያነብ አዋቂ ይፈልጋል። ጥንታዊው ሥዕል ያለ ተራኪ ዝም እንደሚል፣ አዲሱም እንዲሁ ነው።

የዛሬው ፈተና

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን አጸና፤ ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎም ለአፋን ኦሮሞ የቁቤ ፊደል ተመርጦ ነበር። በ2002 ዓ.ም የቅድመ መደበኛ ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ ወጥቶ፣ የ«ዜሮ ክፍል» በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። በዚያው ጊዜ የተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸውን አሳየ። አገር ደነገጠ፤ በ7 ቋንቋዎች አዳዲስ የማንበቢያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ከ2010 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮም ጄን ከርዝና የሙያ ጓደኞቿ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር፣ ብዙ ትንንሽ የሥዕል መጻሕፍትን አቅርበዋል።

ድንጋጤው ጠቃሚ ነበር። አንድ አደጋ ግን አለው። ቁጥር ስናሳድድ መጽሐፍ ዳግመኛ የፊደል መቁጠሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። አዳማ በአንድ አጥር ውስጥ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚማሩ ልጆች ያሉባት ከተማ ናት። በሁለት ፊደል የሚማሩት እነዚህ ልጆች አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ አይችሉም፤ አንድ ሥዕል ግን አብረው ሊያዩ ይችላሉ። በሁለቱ ቋንቋዎች የተጻፈ፣ ጋሪና ባጃጅ፣ የመቂ ሽንኩርት ማሳ፣ የባቱ ዓሣ አጥማጅ የሚታይበት የሥዕል መጽሐፍ ለእነሱ የወዳጅነት ትምህርት ብቻ ሳይሆን ራሱ ወዳጅነት ነው። ባለፉት ዓመታት አዋቂዎች በቋንቋና በማንነት ምን ያህል እንደተጎዳዳን ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። ራሱን መግዛት ያቃተው ትውልድ ለልጆቹ ቢያንስ ይህን ዕዳ አለበት።

ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ አለኝ። ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከአያቶቻችሁ አንድ አንድ ተረት ጻፉልኝ፤ በነገሩበት ቋንቋ፣ የነገሩበትን ቦታና ቀን ጨምራችሁ። አስቴር ጋኖ ያለ መቅረጫ ማሽን ሠርታዋለች። የሥነ ጥበብ ችሎታ ያላችሁ ደግሞ ሣሉት።

ወደዚያ መዋዕለ ሕፃናት ባለፈው ዓመት ተመልሼ ነበር። ቁም ሳጥኑ ተከፍቷል። የጓደኛሞቹ መጽሐፍ ሁለት ገጹ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ማን እንዳደረገው መምህርቷን ጠየቅኋት። «የቀደዱት ልጆች ናቸው የለጠፉት፤ እኔ ፕላስተሩን ብቻ ሰጠኋቸው» አለችኝ።